የእናቶች የአእምሮ ጤና እንክብካቤ በኢትዮጵያ፤ ከዳንግላ ሲታይ

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከጣና በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቈረቈረች ደጋማ ከተማ ናት። ዛሬ በአዊ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ስትሆን የዞኑ መቀመጫ እንጅባራ ነው፤ ቀድሞ ግን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ እርሷ ራሷ ነበረች። ስሟ ባሕር ማዶ የተሰማው የእንግሊዝ መንግሥት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላውን በዚያ ስላቋቋመ ነው። ከ1925 እስከ 1934 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በቆንስልነት የተቀመጡት ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዐባይን እየዞሩ ለክተው ካርታ አንሥተዋል፤ ስለዚሁ የጻፉት መጽሐፍም በ1936 ታትሟል። የወንዞቹ ምንጭና መታጠፊያ እንዲህ ተለክቶ ተጻፈ። በወንዞቹ ዳር ባሉት ጎጆዎች የሚያምጡት ሴቶች በልባቸው የሚሸከሙት ነገር ግን ሊለካ የሚገባው ጉዳይ ነው ተብሎ እስኪታሰብ ድረስ ከዚያ ወዲህ 70 ዓመት ያህል ማለፍ ነበረበት።

ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት እናቲቱ ያለ ጠያቂ ትቀር ነበር ማለት ስሕተት ነው። በደጋው አገር ምጥ የመንደር ሴቶች ሁሉ ጉዳይ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ አዋላጂቱ ወገቧን ይዛ ስታበረታታት የቀሩት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ። ስትገላገል እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ቅቤ ይነጠራል። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ አራሷ፣ የቤቱ አቅም እንደፈቀደ፣ ከከባድ ሥራ ታርፋለች። ለጥየቃ የሚመጣ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። አራስ ብቻዋን ከቀረች ክፉ መንፈስ ያገኛታል ተብሎ ስለሚፈራ ከትራሷ ሥር ብረት ይደረጋል። የዛሬው ሐኪም የብረቱን ነገር ላይቀበለው ይችላል፤ ከብረቱ ጋር የተያያዘውን ትእዛዝ፣ ማለትም አራስን ብቻዋን አለመተውን፣ ግን በንቀት ሊያልፈው አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ሁሉን ሴት እኩል አያቅፍም ነበር፤ ዛሬም አያቅፍም። ሳታገባ የጸነሰች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተዋት፣ ከዘመዶቿ ርቃ በስደት የምትወልድ ሴት ገንፎውን የሚያገነፋላት ላታገኝ ትችላለች። ከሁሉ ይልቅ የምታሳዝነው ልጇ ሳይጠመቅ የሞተባት ናት። ላልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት ስለማይደረግ፣ ለቅሶውም እንደ ትልቅ ሰው ለቅሶ በወጉ ስለማይቀመጥ፣ ኀዘኗን የምታወጣበት የታወቀ ቀንና ስፍራ የላትም። «ሌላ ይሰጥሻል» ትባላለች፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ከዚህ ከተዘጋው ደጅ ውጭ የቀረችው ሴት የት ትሄድ ነበር ቢባል፣ ወደ ጠበልና ወደ ዛር ቤት ነው። ሚሼል ሌሪስ የተባሉ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1932 ከዳካር ጂቡቲ የጥናት ጓድ ጋር ጎንደር በገቡ ጊዜ ከአንዲት ስመ ጥር የዛር አዋቂ ከወይዘሮ መልካም አየሁ ዘንድ ወራት ቆይተው ያዩትን መዝግበዋል። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ እዚያው ጎንደር ባካሄዱት ጥናት በ1958 ያሳተሙት ሐሳብ ደግሞ ዛር ቤት እንደ ማኅበራዊ ሕክምና ያገለግላል የሚል ነበር። ወደዚያ ከሚመጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ በባል ቤት የተረሳች ሴት በራሷ አፍ ልትጠይቅ የማይፈቀድላትን በዛሩ አፍ ትጠይቃለች። ሜሲንግ ነገሩን ጥቂት አሳምረውት ይሆናል። ዛር ዕዳው ብዙ ነው፤ የታመመችዋን ቤት በግብር ያራቁታል፤ በድኅነቷ ፈንታ የዕድሜ ልክ አባልነት ይሰጣታል። ቢሆንም ሁለቱ ጸሐፍት ያስተዋሉት አንድ እውነት ለዚህ ታሪክ መነሻ ይሆናል፤ ይኸውም የሴቲቱን የልብ ሕመም የሚሰማ ጆሮ በአገሩ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ያልነበረው በሕክምና ቤት ውስጥ ነው።

በሕክምና ቤት በኩል ታሪኩ አጭር ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930ዎቹ መጨረሻ ተቋቋመ፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከዳንግላ አማኑኤል ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ይህን መንገድ በዘመድ ታጅቦ ወይም ታስሮ የሚሄደው የሚጮኸው፣ የሚደበድበው፣ ልብሱን የሚጥለው ሕመምተኛ እንጂ እንባዋን እየዋጠች ልጇን የምታጠባ ሴት አልነበረችም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ጤና ጣቢያዎች አሠማራ፤ ግን የዚያ ዘመን ጠላቶች ወባ፣ ፈንጣጣ፣ ሳንባ ነቀርሳና የምጥ ደም መፍሰስ ነበሩ። ማንም ቢሆን በዚያ ቅደም ተከተል ሊፈርድ አይችልም።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ሥራ የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል ከባልደረባቸው ከቫን ላይክ ጋር በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማ ያካሄዱትን ጥናት በ1969 አሳተሙ፤ ውጤቱም ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት ብለው ጤና ጣቢያ ደጅ ከሚሰለፉት መካከል ጥቂት የማይባሉት ሕመማቸው የመንፈስ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ይህ ቃል በጊዜው ቢሰማ ኖሮ ብዙ በተለወጠ። ግን አልተሰማም። በ1986 በአማኑኤል የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀምሮ ተመራቂዎቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች እስኪመደቡ ድረስ፣ ከመዲናይቱ ውጭ ያለው ሕዝብ በዚህ ረገድ የነበረው አገልግሎት ከምንም አይቈጠርም። የአእምሮ ሐኪሞች የከፍተኛ ሙያ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ደግሞ በ2003 ነው።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ጉዳዩ ቶሎ አልበሰለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ አራሶችና ስለሚያጠቡ እናቶች የአእምሮ ሕመም ወፍራም መጽሐፍ ያሳተሙት በ1858 ነበር፤ በስማቸው የተጠራው የጥናት ማኅበር ግን የተመሠረተው ከ122 ዓመት በኋላ በ1980 ነው። በመካከሉ በ1970ዎቹ ጆን ኮክስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ 263 ነፍሰ ጡሮችን አጥንተዋል። እዚያ ባጋንዳዎች «አማኪሮ» የሚሉት የአራስ ሕመም አለ፤ በእርግዝና ዘመን ከተፈጸመ ዝሙት ይመጣል ስለሚባል በሽተኛዋ በሕመሙም በሐሜቱም ትጐዳለች። ኮክስ ከወለዱት መካከል ከመቶ 10 ያህሉ በድብርት መያዛቸውን አዩ፤ ስለዚህ የአራስ ድብርት የባለጸጎች አገር ቅንጦት አይደለም አሉ። ወደ ስኮትላንድ ከተመለሱ በኋላ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1987 ያሳተሙት ባለ 10 ጥያቄ የኤዲንበርግ መጠይቅ በዓለም ዙሪያ በአያሌ ቋንቋዎች ተተርጕሟል። የመጠይቁ ሐሳብ ሥር ከፊሉ በአፍሪካ መንደር መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም።

ይኸው መጠይቅ ተዞሮ ወደ አፍሪካ ሲመለስ የገጠመው ፈተና በኢትዮጵያ የእናቶች የአእምሮ ጤና ታሪክ ውስጥ ትልቁን ስፍራ ይይዛል፤ ፈተናውም የተካሄደው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ነው። በቡታጅራ ከ1986 ጀምሮ የተቋቋመ የገጠር ጤና ጥናት ስፍራ ነበር፤ ወሊድና ሞት ቤት ለቤት እየተመዘገበ ስለኖረ የትኛዋ ሴት መቼ እንደጸነሰች ማወቅ ይቻላል። በ2005ና በ2006 ሻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያ ስፍራ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት የነበሩ 1065 ሴቶችን መዝግበው ከወለዱ በኋላም ተከታተሏቸው።

በመጀመሪያ መለኪያውን መለካት አስፈለገ። የአእምሮ ሐኪም የሰጠው ምርመራ ከመጠይቆቹ ውጤት ጋር ሲነጻጸር የኤዲንበርጉ መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር የታመመችውን ካልታመመችው ለመለየት ደካማ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1980 ገደማ ለታዳጊ አገሮች ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ግን የተሻለ ሠራ። የሚያስገርመው፣ ያው የኤዲንበርግ መጠይቅ በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ተሞክሮ በ2010 በታተመው ጥናት በሚገባ አገልግሏል። ነገሩ እንግዲህ የአገር ልዩነት ብቻ አይደለም። የኤዲንበርጉ ጥያቄዎች ባለፈው ሳምንት የተሰማሽን ከአራት ደረጃዎች በየትኛው ታስቀምጪዋለሽ የሚሉ ናቸው፤ ፊደል ላልቈጠረች ሴት ይህ ራሱ እንግዳ ሥራ ነው። በተጨማሪም ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ዘይቤ የተነገሩ ናቸው፤ ቃሉ ሲተረጐም ትርጕሙ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅቱ መጠይቅ ግን እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ይዘጋሻል ወይ፣ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ታለቅሻለሽ ወይ ብሎ አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ብቻ ይሻል። ይህ የገበሬ ቤት ንግግር ነው።

ሁለተኛው ውጤት ይልቁን አነጋጋሪ ነው። ከኤውሮጳ በመጣው ትምህርት መሠረት አደጋው የሚጠበቀው ከወሊድ በኋላ ነበር። በቡታጅራ ግን ከፍ ያለ የጭንቀት ምልክት የታየባቸው በእርግዝና ጊዜ ከመቶ 12 ገደማ ሲሆኑ፣ ከወሊድ ሁለት ወር በኋላ ወደ ከመቶ 5 ገደማ ዝቅ ብለዋል። ይህን የሚያስረዳው ከሴቶቹ ጋር የተደረገው ውይይት ነው። በእነርሱ ዘንድ ነፍሰ ጡር በሞትና በሕይወት መካከል የቆመች ሰው ናት፤ አንድ እግሯ ከመቃብር ነው ሲሉ ለማጋነን አይደለም። በ2000 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግምት ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በጤና ድርጅት የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ፍርሃቷ ከዐይኗ ካየችው የመጣ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሰላምታም ከልማድ በላይ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ በእርግጥ ምሕረት አግኝታለች። በዚያ ላይ ያልተፈለገ እርግዝና፣ ድህነትና የባል ጠብ ሲጨመር ሸክሙ ይከብዳል።

ጥናቱ ጭንቀቱ በልብ ብቻ እንደማይቀርም አሳይቷል። በእርግዝናቸው ጊዜ በብርቱ የተጨነቁት ምጣቸው የመርዘም፣ ልጃቸውን ጡት ለማስያዝም የመዘግየት ዕድላቸው ከሌሎቹ የበለጠ ነበር፤ ጭንቀታቸው ከወሊድ በፊትም በኋላም የዘለቀባቸው እናቶች ልጆች ደግሞ በተቅማጥ ይበልጥ ታመሙ። በሕፃኑ የልደት ክብደት ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። ከእስያ የመጡ ጥናቶች ይጠቈማል ያሉት ውጤት በቡታጅራ ሳይገኝ መቅረቱን ተመራማሪዎቹ ሳይደብቁ መጻፋቸው የሚመሰገን ነው፤ የአንዱን አገር ውጤት በሌላው አገር ላይ መጫን የሙያው የቈየ በሽታ ነውና።

ከዚያ ወዲህ የሞቱ ቍጥር እየቀነሰ መጣ። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ30,000 በላይ ደረሱ፤ በ2016 የእናቶች ሞት ግምት ከ100,000 ሕያው ልደት ወደ 412 ወረደ፤ በ2019 በተደረገው አጭር ጥናት በጤና ድርጅት የሚወልዱት ከመቶ 48 ሆኑ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ሥራው የተለካው በሞት ስለሆነ፣ ከሞት የተረፈችው ሴት በምን ሁኔታ እንደተረፈች ሳይጠየቅ ቀረ። ደም ግፊቷ ይለካል፤ ክብደቷ ይጻፋል፤ የፅንሱ የልብ ምት ይደመጣል። የእርሷን ልብ ለማድመጥ ግን በክትትል ካርዱ ላይ ለረጅም ዘመን መስመር አልተሰመረም።

ሴቶቹ ተደብቀው ነው እንዳይባል ከጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ የመጣ ሌላ ማስረጃ አለ። በዚያ በ1311 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የድብርት ምልክት ያለባቸው ሴቶች ካልተባሉበት ቀን ሁሉ ወደ እርግዝና ክትትል ይመጡ ነበር፤ ድንገት አመመኝ ብለውም ወደ ጤና ድርጅትም ወደ ባህል ሐኪምም ከሌሎቹ አብልጠው ይሄዱ ነበር። ደጁን ያንኳኳሉ፤ ይመረመራሉ፤ «ደኅና ነሽ» ተብለው ይመለሳሉ። ጊልና ቫን ላይክ ከ47 ዓመት በፊት የጻፉት ያው ነገር ነበር። የዚህ ጥናት ዋና አዘጋጅ ኋላ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል መምህር ሆነዋል፤ ከዚያው ሆነውም ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚሆን አጭር የምክር ሕክምና በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲሞከር ካደረጉት ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ከቡታጅራ ተነሥቶ ከዳንግላ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው።

የምክር ሕክምናው ነገር በሌላ አገር ተፈትኗል። በፓኪስታን ገጠር አጢፍ ራህማንና ባልደረቦቻቸው «እመቤት የጤና ሠራተኞች» የሚባሉትን፣ ከእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚመሳሰሉትን ሴቶች አሠልጥነው በድብርት የተያዙ 903 ነፍሰ ጡሮችን በሁለት ወገን ከፍለው ተከታተሉ። በ2008 በታተመው ውጤት፣ ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ምክሩን ካገኙት ከመቶ 23፣ ተራውን የቤት ለቤት ጥየቃ ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 53 በድብርቱ ውስጥ ነበሩ። የአእምሮ ሐኪም አልተጨመረም፤ ውድ መድኃኒት አልተገዛም። ሠራተኛዋ ከቤት ገብታ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ እናቲቱና በዙሪያዋ ስላሉት ሰዎች በሥርዓት ትነጋገራለች። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያውን በ2015 ለሁሉም አገር አሳተመው።

በኢትዮጵያ የተሞከረው ከዚህ ጥቂት ይለያል። የችግር መፍቻ ምክር የሚባለው አራት ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው ሲሆን የሚሰጠውም በእርግዝና ክትትል ሠራተኞች ነው። ሴቲቱ የሚያስጨንቋትን ነገሮች ትዘረዝራለች፤ ልትለውጠው የምትችለውን ከማትችለው ትለያለች፤ አንዱን መርጣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ትሞክራለች። ባሏ የሚመታት ሴት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልጋት ምክሩ ለእርሷ በሚስማማ መንገድ ተስተካክሎ ተሞክሯል። ይህ የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው፤ በቤት ውስጥ ዱላ ላለባት ሴት ችግርሽን ራስሽ ፍቺ ማለት ከምክር ይልቅ ወቀሳ ሊሆንባት ይችላልና።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ አልጎደለም። ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት ከ2012 ጀምሮ ወጥቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 የእናቶች የአእምሮ ጤና ከእናቶችና ሕፃናት አገልግሎት ጋር እንዴት እንደሚዋሐድ የሚያሳይ መመሪያ አሳትሟል። ችግሩ ያለው በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት አዋላጅ ነርስ በገበያ ቀን ደጇ ሞልቶ ሳለ፣ ጠይቃ የምታገኘውን መልስ ምን ታደርገዋለች? ሕይወቷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ የነገረቻትን ሴት ለማን ታስተላልፋለች? ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መላክ ይቻላል፤ የመሳፈሪያው፣ የሕፃኑና በቤት የቀሩት ልጆች ነገር ግን ከደብዳቤው ጋር አብሮ አይላክም። መልስ የማይገኝለትን ጥያቄ ላለመጠየቅ የወሰነች ባለሙያ ሰነፍ ተብላ ልትወቀስ አይገባም፤ መልሱን ከጥያቄው አስቀድሞ ማዘጋጀት የአሠሪው ፋንታ ነው።

በአዊ ምድር ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። የቡታጅራው መጠይቅ የተፈተነው በአማርኛ ነው። በዳንግላ ዙሪያ ብዙዎቹ ሴቶች በሁለት ቋንቋ የሚኖሩ ናቸው፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ በማጀት ግን አዊኛ ይናገራሉ። ሰው ሸቀጥ የሚገዛበት ቋንቋና የሚያለቅስበት ቋንቋ አንድ ላይሆን ይችላል። የኤዲንበርጉ መጠይቅ ከከተማ ወደ ገጠር ሲሻገር የደረሰበት፣ የአማርኛውም መጠይቅ ከአማርኛ ወደ አዊኛ ሲሻገር ሊደርስበት ይችላል። አዊኛ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ስለሆነ የጽሑፍ ቋንቋነቱ የተደላደለ ነው፤ ጥያቄዎቹን በአገሩ ሴቶች አነጋገር አዘጋጅቶ፣ በሐኪም ምርመራ አመሳክሮ መፈተን ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው መፈናቀልና ጦርነት ነው። በ2020ና በ2021 ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በአዊ ዞን በቻግኒ አጠገብ በሚገኘው የራንች መጠለያ ተጠግተው ነበር። ከነሐሴ 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ መድኃኒት እያጓደለ፣ ሠራተኛን እያሸሸ የዞኑን ጤና ድርጅቶች ፈትኗቸዋል። በመጠለያ ሸራ ሥር የምትወልድ ሴት ከላይ የተነገረው የአራስ ቤት ሥርዓት ሁሉ የቀረባት ናት፤ ጎረቤቷ አብራት አልተሰደደችም፤ እናቷ የት እንዳለች ላታውቅ ትችላለች፤ ገንፎ የሚገነፋበት ምድጃ የላትም። በወጉ ከሆነ ለአርባ ወይም ለሰማንያ ቀን ብቻዋን መሆን ያልነበረባት ሴት፣ በሺህ ሰው መካከል ብቻዋን ትሆናለች።

በዳንግላ የእርግዝና ክትትል በሚሰጥበት ክፍል የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ብዙ ጊዜ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ አዊኛውንም አማርኛውንም ታውቃለች። የምትጠይቀው ደም ግፊቱን ከለካች በኋላ፣ መሣሪያውን ገና ከክንዷ ላይ ሳታነሣ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ክፍል፣ ለሌላ ቀጠሮ ሳይባል። «እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?»